ፀሐይ የምታኖራቸው ዓሦች

ጉቱ የፓምፑን ሽቦ ሲፈታ ጁሀራ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታየው ነበር። እኩለ ቀን ነው። ከኩሬው ማዶ ያለው ሜዳ በሙቀት እየተንቀጠቀጠ ውኃ መስሏል፤ በሩቅ የሚያልፉት ግመሎች እስከ ጉልበታቸው ሐይቅ ውስጥ የገቡ ይመስሉ ነበር። ጉቱ መጀመሪያ ቀዩን ሽቦ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን ነቀለ። ያኔ ወደ ታንከሩ እየተንዶቀዶቀ ይወጣ የነበረው ውኃ ሁለት ጊዜ እንደ ማሳል አለና ጸጥ አለ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችው ብድግ ብላ።

«እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው። ደግሞ እንዳትጮሂ፤ እናቴ ተኝታለች።»

ጁሀራ ወደ ሐሮ ዲማ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። የሮቤ ከተማ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት፣ ሰባተኛን አልፋ ስምንተኛን የምትጠብቅ። ሮቤ ላይ ሐምሌ ማለት ጭቃ፣ ጉምና በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ መተኛት ነው። የአባቷ ወንድም አቶ ቦሩ የሚኖሩባት ሐሮ ዲማ ግን ከጊኒር በታች፣ ቆላው ውስጥ ናት። እዚያ በዚያው በሐምሌ ጠብታ ዝናብ አይወርድም፤ ወንዙም አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርማል። አጎቷ ለአባቷ «ጽሕፈቷ የሚነበብ ልጅህን ለክረምቱ ላክልኝ» ብለው ጻፉ። ጻፉ ማለት አጻፉ ነው፤ እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ከስማቸው አልፎ ለመጻፍ እጃቸው አይደፍርም። የልጃቸው የጉቱ ጽሕፈት ደግሞ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

የሚጻፈው የዓሦቹ ነገር ነበር።

ከዓመት በፊት ወይዘሪት ሠርከአዲስ የሚባሉ የዓሣ ባለሙያ ከጎባ ተነሥተው በጭነት መኪና ሐሮ ዲማ ደረሱ። መኪናው ላይ እንደ በር የሰፉ አራት የፀሐይ ሰሌዳዎችና አንድ ትንሽ ፓምፕ ነበሩ። ከኋላ ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ የመጡ ቆሮሶ የሚባሉ የዓሣ ጫጩቶች በበርሜል ውስጥ ይርመሰመሳሉ። የመንደሩ ሰው ሳቀ። ግመል በሚጠማበት አገር ቁርጡሚ ልታረቡ ነው ወይ እያሉ ሽማግሌዎቹ ተሳለቁ፤ ቁርጡሚ በኦሮምኛ ዓሣ ነው። ሰሌዳዎቹንም «መስተዋት» አሏቸውና ሴቶቹ እየመጡ ሻሻቸውን ያስተካክሉባቸው ጀመር።

ነገሩ ግን ሠራ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፓምፑ ይነሣል፤ ከጉድጓዱ ውኃ እየሳበ በእንጨት ቆጥ ላይ የተቀመጠውን ታንከር ይሞላል። ሲመሽ ፓምፑም ይተኛል። ታንከሩ ግን ቀን የጠጣውን ውኃ በተበሳሳ ቧንቧ በኩል እስኪነጋ ድረስ ኩሬው ላይ ሲያዘንብ ያድራል። ኩሬው ጠባብ ነው፣ ዓሦቹ ብዙ ናቸው፤ ያ የሚዘንበው ውኃ ይዞላቸው የሚወርደው አየር ከሌለ መተንፈስ አይችሉም። ከኩሬው የሚተርፈው፣ በዓሦቹ ኩስ የወፈረው ውኃ ደግሞ ወደ ሽንኩርቱና ወደ በቆሎው መደብ ይወርዳል። በደረቁ ሜዳ መካከል ያቺ ብቻ አረንጓዴ ነበረች።

ጁሀራ ሲበዛ ሐሳበኛ ልጅ ናት። ሮቤ ያለው መምህሯ «ጁሀራ ክፍል ውስጥ አካሏን ብቻ ነው የምትልክልን» ይላል። ሐሮ ዲማ በገባች በመጀመሪያው ምሽት የውኃውን ድምፅ ስትሰማ፣ ይህ ቀን ላይ የነበረው ፀሐይ ነው ብላ አሰበች። ቀን ጀርባዋን ያቃጠላት ያ ፀሐይ አሁን ውኃ ሆኖ ቀስ ብሎ እየወረደ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሜዳው ላይ የሚታየውን የውሸት ሐይቅ ስታይ፣ አንድ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነተኛ ኩሬ ሲሆን ይታያት ጀመር። በየኩሬው አጠገብ መስተዋት፣ በየመስተዋቱ ሥር የሽንኩርት መደብ፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ደግሞ ምድሪቱ የሰማይ ቁራጭ የተሰፋባት ቀሚስ ትመስላለች። ይህን ለጉቱ ብትነግረው «አንቺ ፋራ፣ ፀሐይ ናላሽን መታሽ» ብሎ ሳቀባት።

በየማታው መዝገብ ትሞላለች። ወይዘሪት ሠርከአዲስ ትተውት የሄዱት ሰማያዊ ደብተር ነው፤ ፓምፑ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ታንከሩ እስከ የት ሞላ፣ የሞተ ዓሣ አለ ወይ ተብሎ ይጻፍበታል። አቶ ቦሩ አጠገቧ ይቀመጡና ጣታቸውን ከመስመሩ በታች እያስኬዱ ያነበበችውን ይከተላሉ። ነሐሴ ላይ ደብተሩ ጎባ ይሄዳል። እዚያ ስብሰባ አለ። ነገሩ ከሠመረ ለሌሎች አምስት የቆላ መንደሮች ተመሳሳይ ሰሌዳ ይገዛል። ካልሆነ ይህም ተነቅሎ ይወሰዳል። ከስብሰባው ሰዎች መካከል ፀሐይን ተማምኖ ሥራ አይሠራም፣ የናፍጣ ሞተር ይሻላል የሚሉ እንዳሉ አጎቷ ሰምተዋል። ናፍጣ ሐሮ ዲማ ከደረሰ ግን ወራት አልፈዋል።

እንግዲህ ያን እሑድ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ጉቱ ሽቦውን የፈታው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው። አቶ ቦሩ ለዓረፋ በግ ሊገዙ ጊኒር ሄደዋል። እናቱ ወይዘሮ ሞሚና ከቤት ውስጥ ጋደም ብለዋል። ጉቱ ከበቆሎው መሐል አንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየጎተተ አወጣና ሰሌዳዎቹ ኃይል እንዲሞሉለት ሽቦዎቹን እሱ ላይ አሠረ። ከዚያ ከኪሱ በላብ የራሰ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት።

የጀሊል ደብዳቤ ነበር። ጀሊል የጉቱ ታላቅ ወንድም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። ባለፈው ዓመት ደብዳቤው ሲጠፋ ወይዘሮ ሞሚና አንድ ወር ሙሉ እህል በአፋቸው አልዞር ብሏቸው ነበር። አሁን ግን ወደ ሼክ ሁሴን ሊሳለሙ የሚወርዱ ዘያሪዎችን የጫነ መኪና ሾፌር ይህቺን ግማሽ ገጽ አድርሷል። ጀሊል ደኅና መሆኑን ጽፎ፣ ከዓረፋ በፊት ባለው እሑድ በአሥር ሰዓት የወታደሮች ሰላምታ በራዲዮ እንደሚነበብና የእሱም ስም እንደሚገኝበት ይናገራል። የራዲዮው ድንጋይ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል። በመንደሩ ሱቅ ድንጋይ የለም።

«ለእናትህ አልነገርካቸውም?»

«ስሙ ባይጠራስ? መጀመሪያ እኔ ልስማው። ከሰማሁ ሮጬ እቀሰቅሳታለሁ።»

ጁሀራ ወደ ታንከሩ ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ። ሽቦውን መልስ ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ነገር ግን ጉቱ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ፤ ሁልጊዜ በሚያሾፍ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። አጠገቡ ተቀመጠች።

አሥር ሰዓት ላይ ከባትሪው ጋር የተያያዘው ራዲዮ ተነፈሰ። ሙዚቃ ሰጠ፤ ቀጥሎ አንድ ጎርናና ድምፅ ስም ማንበብ ጀመረ። ሁለቱ ጆሯቸውን አንድ ላይ አስጠግተው፣ ጉንጫቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው አዳመጡ። የማያውቋቸው ሰዎች ለማያውቋቸው እናቶች ሰላም ይላሉ። ጅማ፣ ወለጋ፣ ጎንደር፣ ሲዳሞ አለፉ። ከዚያ ድምፁ፣ «ወታደር ጀሊል ቦሩ፣ ከባሌ ክፍለ ሀገር፣ ለእናቱ ለወይዘሮ ሞሚና…» አለ። ከዚያ በኋላ እንደ በቆሎ ቆሎ መንጣጣት ብቻ ሆነ። ጉቱ ማዞሪያውን ጠምዝዞ ራዲዮውን ወደ ሰማይ አነሣው። ድምፁ ሲመለስ ሌላ ወታደር ለሌላ እናት ሰላም ይል ነበር።

ስሞቹ ተነብበው አልቀው ሙዚቃው እስኪመለስ ድረስ ጠበቁ።

«ጠርቶታል» አለች ጁሀራ በመጨረሻ። «ሰምተነዋል። ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? ከየት ሆኖ ነው ሰላም ያለው? ከሆስፒታል ሆነው የሚልኩም አሉ። ቀሪውን ሳልሰማ ብነግራት ቀሪውን ስታስብ ትሞታለች።»

ሽቦውን ወደ ፓምፑ ሲመልስ ፀሐይ ወደ ሜዳው ጠርዝ አዘንብላ ነበር። ፓምፑ ትንሽ ሞከረና ደከመ። ታንከሩን በዱላ ሲያንኳኩት ከታች ሢሶው ብቻ ውኃ ሆኖ ተሰማቸው። ጉቱ ይበቃል አለ። ጁሀራም ይበቃል ብላ ለማመን ፈለገች፤ አመነችም።

ጎሕ ሲቀድ የቀሰቀሷት ወይዘሮ ሞሚና ናቸው። ለሱብሂ ሶላት ሊታጠቡ ወጥተው ነበር። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ ውኃው ዝም ብሏል» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው የቀጠነ ነበር። ጁሀራ በባዶ እግሯ ሮጠች። ከታንከሩ የሚወርድ ነገር የለም። ኩሬው በግራጫው ብርሃን ሥር ተኝቶ፣ ፊቱ በሙሉ በትናንሽ አፎች ተሞልቷል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይለምኑ ነበር። ብዙዎቹ አፋቸውን መክፈት ትተው ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠዋል።

ጉቱ ከነልብሱ ዘሎ ገባ። በባልዲ ውኃ ቀድቶ ከራሱ በላይ አንሥቶ ያፈስሳል፤ ደግሞ ይቀዳል፣ ደግሞ ያፈስሳል። ጁሀራና ወይዘሮ ሞሚናም ቅርንጫፍ ቆርጠው ውኃውን ከዳር ይደበድቡት ጀመር። ጁሀራ ክንዷ ዝሎ የራሷ አልመስል እስኪላት ድረስ ደበደበች። ፀሐይ ብቅ ብላ የመጀመሪያው ጨረር ሰሌዳዎቹን ሲነካ ፓምፑ በሹክሹክታ ተነሣ። ጉቱ ያን ጊዜ ባልዲውን ጥሎ ውኃው ውስጥ ቁጢጥ አለ። ፊቱ ሁሉ ርጥብ ስለነበር ማልቀሱን ያወቀችው ከትከሻው ነው።

ከአራት መቶው ዓሣ መቶ ሰባው ሞቷል።

አቶ ቦሩ በጋቸውን እየጎተቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ዓሦቹ በጆንያ ላይ ተደርድረው ሲያዩ የበጉ ገመድ ከእጃቸው ወደቀ። ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። ጉቱ መሬት መሬቱን እያየ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደመና እንደ ነበረ፣ ፀሐይ እንደ ደከመች፣ ታንከሩ እንዳልሞላ ተናገረ። አቶ ቦሩ ጊኒር ላይ ደመና አለማየታቸውን ቀስ ብለው ተናገሩና ወደ ጁሀራ ዞሩ።

«እንዴት ነበር ጁሀራ?»

ጁሀራ በአጎቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ወይዘሮ ሞሚናን አየች። ሻሻቸው ገና አልደረቀም፤ የሞቱትን ዓሦች እንደ ሕፃን አንድ በአንድ እያነሡ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡ ነበር።

«ደመና ነበር» አለች።

ያን ቀን ማታ ደብተሩ ላይ ጻፈችው። «ፓምፑ የሠራው እስከ 6 ሰዓት። ምክንያት፦ ደመና።» ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው የሚያምር፣ ቀጥ ያለ ነበር። አቶ ቦሩ ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ «ደ-መ-ና» ብለው በፊደል አነበቡት።

ዓረፋ መጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አጎቷ ሌላ ሰው ሆኑ። ድሮ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳዎቹን በጨርቅ ሲወለውሉ እንደ ፈረስ ያነጋግሯቸው ነበር፤ አሁን ዝም ብለው ይወለውላሉ። በየሰዓቱ ቀና እያሉ ሰማይ ያያሉ። አውራ ጣት የምታህል ደመና በዳር በኩል ብቅ ካለች ሥራቸውን ትተው እስክትጠፋ ድረስ ይቆማሉ። አንድ ቀን ሽንኩርቱን እያረሙ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ፀሐይን እንደ ጠላት ነው ያየሁት። ከብቴን ጨርሳለች። አምና ወዳጅ መሰለችኝና ለሰው ሁሉ አወራሁ። ለካ እሷም እንደ ሰው ናት» አሉ። ጁሀራ ወደ ሜዳው ቀና አለች። ሜዳው ላይ ያ የውሸት ሐይቅ ይብለጨለጫል፤ ግን እውነተኛ ኩሬ ሆኖ አልታይ አላት። ብትሞክር፣ ብትሞክር ዝም ብሎ ትኩስ አየር ሆነ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ጉቱን ከጉድጓዱ አጠገብ አገኘችው። ለአባትህ ራስህ ብትነግራቸው ይሻላል አለችው። አምስት መንደር በዚያች ቃል ምክንያት ውኃ ሊያጣ እንደሚችል፣ ሰሌዳውም ከዚህ እንደሚነቀል ነገረችው። ጉቱ መጀመሪያ ሊያሾፍ ሞከረ። ዓሣ እንጂ ሰው አልሞተ፣ ደግሞ ማነው አንቺን የስብሰባ ሊቀ መንበር ያደረገሽ አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ወረደ።

«ለአባቴ ብነግረው ይገርፈኛል፤ እሱ ምንም አይደል። ግን ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለምኑን ስነግረው እናቴ ትሰማለች። ከዚያ ሌሊቱን ማን ያስተኛታል? አንቺ እንደሆን ነገ ሮቤሽ ትገቢያለሽ።»

ይህን ብሎ ገመዱን ወደ ጉድጓዱ ለቀቀ። ባልዲው ታች ደርሶ ውኃ እስኪነካ ድረስ ሁለቱም አዳመጡ።

በማግሥቱ አጎቷና እሷ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ደጋ ወጡ። የጎሮን ከተማ ሲያልፉ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ጉሙ መጣ፤ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ ማለቂያ የሌለው አረንጓዴ ገብስ። ጁሀራ ሹራቧን ደረበች። ውኃ በየቦዩ፣ በየጎማው ዱካ፣ በየቅጠሉ ላይ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሮቤ ላይ እናቷ አቅፋ ሳመቻት፤ ጠቆርሽ አለቻት፤ ስለ ቆላው ጠየቀቻት። ጁሀራ ስለ ግመሎቹ ብቻ አወራች።

አጎቷ በነጋታው ጎባ ድረስ አብራቸው እንድትሄድ ጠየቁ። ደብተሩን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ያስፈልጋል፤ እሳቸው ከባለሥልጣን ፊት ሲቆሙ ፊደሉ ሁሉ ይጠፋባቸዋል። በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ተራራው ከጉም በላይ ተንሳፎ ይታይ ነበር። አቶ ቦሩ ንጹሕ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። መንገዱን በሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፤ በአንድ ቀን ደመና መቶ ሰባ ዓሣ ሞተ ሲባል ሰዎቹ ምን የሚሉ ይመስልሻል አሏት። ጁሀራ አላውቅም አለች።

ቢሮው ረጅም ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጠዋል። ወይዘሪት ሠርከአዲስ እስኪጠሯቸው ድረስ ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በተገረበበው በር በኩል ባለሙያዋ ይታያሉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ካርታ ዘርግተው በቀይ እርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ። ጁሀራ ነጥቦቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው። ሴትየዋ ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ በትንሹ ክብ ነገር እየሳሉ በሰማያዊ ይቀቡታል። ሰው እንደሚያያቸው አላወቁም። እያንጎራጎሩ ነበር።

ጁሀራ ያንን ሰማያዊ ታውቀዋለች። ማታ ማታ ዓይኗን ጨፍና ሜዳው ላይ ስትሰፋው የከረመችው ነው፤ ለካ ሌላም ሰው ያየዋል።

«አጎቴ» አለች። ድምፅዋ ከዝናቡ በታች ስለነበረ ደገመችው። «አጎቴ፣ ከመግባታችን በፊት የምነግርዎ አለ። ያን ቀን ደመና አልነበረም።»

አቶ ቦሩ አልዞሩም። ጆሯቸውን ብቻ ወደ እሷ አዘነበሉ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሽቦውን፣ ባትሪውን፣ ደብዳቤውን፣ ራዲዮውን። ጉቱ ለምን እንደ ደበቀ ነገረቻቸው። እሷም አይታ ዝም እንዳለች፣ በእጇም እንደ ጻፈችው ነገረቻቸው። ስትጨርስ ቁጣውን ጠበቀች። አጎቷ ኮታቸውን ጎተት አደረጉ።

«ስሙን ሰማችሁት?» አሉ።

«አዎ።»

«እንዴት አድርጎ ነው የጠራው?»

ጁሀራ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጎርናና ድምፅ ፈልጋ አገኘችውና እንደ እሱ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል አለችው። «ወታደር ጀሊል ቦሩ። ከባሌ ክፍለ ሀገር። ለእናቱ ለወይዘሮ ሞሚና።»

አቶ ቦሩ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ከመዳፋቸው ሥር። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «በሕይወት ያለ ሰው ነው ሰላም የሚለው» አሉ፤ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። ከዚህ ሲወጡ ከጎባ ሱቆች ለራዲዮው አራት ድንጋይ እንደሚገዙ፣ ለሞሚናም ራሳቸው እንደሚነግሯት ተናገሩ። የምትሰማውን ሁሉ ከእሳቸው ጋር ሆና ትሰማለች። ስለ ጉቱም አነሡ፤ አልቆጣውም አልልሽም አሉ።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሪት ሠርከአዲስ ቀይ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አሁን ደብተሩን ቢያነቡላቸው ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ። ፊታቸው ላይ ተስፋም ፍርሃትም ነበር። የዓሦቹን ሞት በመልእክት ሰምተዋል።

አቶ ቦሩ ተነሡ። ከባለሥልጣን ፊት የሚጠፋባቸው ቃል ያን ቀን አልጠፋባቸውም።

«ከማንበቧ በፊት ልጅቷ የምታስተካክለው አንድ ገጽ አለ» አሉ።

ሴትየዋ አንዴ እሳቸውን አንዴ ጁሀራን አዩ። ምንም ሳይጠይቁ ካርታውን ገለል አድርገው ወንበር ሳቡላት። ጁሀራ ፌስታሉን ፈትታ ገጹን አገኘችው። መቅደድ ይቀል ነበር፤ ባለሙያዋ ግን እጇን አይተው፣ «አትቅደጂው፤ ከሥሩ ጻፊበት» አሉ።

እስክሪብቶ ሰጧት። ጣሪያው ላይ ዝናቡ እንደ ቀጠለ ነው። ጁሀራ ከ«ደመና» በታች አንድ መስመር ዘለለችና መጻፍ ጀመረች። «ሐምሌ 26 ቀን፣ እሑድ። ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ጥርት ያለ ነበር።» እጇ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ አልሄደላትም፤ ፊደሎቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ። ግድ አልሰጣትም። እስክሪብቶውን ጥቂት አቆመችና፣ «እኔም እዚያ ነበርኩ» ብላ ቀጠለች።